«በፍተሻው ጊዜ አልነበረም»

ካርቱም ውስጥ በአንድ የስፖርት ክለብ መኸዘን ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። መኸዘን የምንለው ዕቃ ቤቱን ነው። ኳሱ፣ መረቡ፣ የቴኒስ ራኬቱ፣ ቀስቱና ፍላጻው ሁሉ በእኔ እጅ ነበር። የቀስት ውርወራውን ያስጀመሩት ጡረታ የወጡ አንድ ሱዳናዊ ኮሎኔል ናቸው። ሁላችንም «ሰዓድተክ» እንላቸዋለን፤ ክቡርነትዎ እንደ ማለት ነው። በሥራ ዘመናቸው የለመዱትን ሥርዓት ወደ ክለቡ ይዘውት መጡ። ፉጨት ሳይነፋ መስመር ላይ የቆመ ሰው ካዩ፣ አባልም ይሁን እንግዳ፣ በክንዱ ይዘው ያስወጡት ነበር።

አንድ ቀን ወፍራም የእንግሊዝኛ የደንብ መጽሐፍ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«አባትህ አስተማሪ ነበሩ አይደል? እንግሊዝኛ ታነባለህ። ይህን አጥናና ለእኛ የሚያስፈልገንን በዐረብኛ አሳጥረህ ግድግዳ ላይ ለጥፍልኝ።»

አባቴ እውነትም አስተማሪ ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ተሰድዶ ካርቱም ሲገባ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ቤት ውስጥ እሱ አስተማረኝ፤ ዐረብኛውን መንገዱ አስተማረኝ። መጽሐፉን ወር ሙሉ አነበብኩት፤ ወደድኩትም። ሁሉ ነገር ልክ ነበረው። ስድስት ፍላጻ በአራት ደቂቃ። ሁለት ፉጨት ወደ መስመር፣ አንድ ፉጨት መወርወር፣ ሦስት ፉጨት ፍላጻ መልቀም። የሁለት ክብ መለያ መስመር የነካ ፍላጻ የሚበልጠውን ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ ሳይጻፍ ፍላጻውንም የዒላማውን ወረቀትም መንካት አይቻልም።

ቀስቶቹንም በሦስት ምድብ ከፈልኳቸው። የመጀመሪያው ጫፍና ጫፉ ላይ ፑሊ ያለው ነው፤ ሲሳብ ክብደቱ ከእጅ ላይ ቀለል ይላል። ሁለተኛው ማነጣጠሪያና ረጅም ማመጣጠኛ ዘንግ የተገጠመለት ነው። ሦስተኛው «ባዶ ቀስት» ይባላል። ባዶ ቀስት ማነጣጠሪያ የለውም፣ ዘንግም የለውም። አውታሩ ወልቆ ስፋቱ ዐሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ከሁለት ሚሊሜትር በሆነ ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት። ከእጀታው በላይ፣ ቀስተኛው ዒላማውን አሻግሮ በሚያይበት በኩል ደግሞ ለማነጣጠር ሊረዳ የሚችል ምንም ነገር አይፈቀድም፤ ጭረት፣ ነጥብ፣ የተለጠፈ ነገር፣ ምንም። ይህን በቀይ ስክሪፕቶ አሠመርኩበት። ቀለበቱን ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ካለ ብየዳ ቤት አሠራሁት። ሰውየው «ይህ የምን ክዳን ነው?» እያለ ሦስት ጊዜ ለካው። በዓባይ ድልድይ ላይ በአውቶቡስ ስመለስ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር።

ያኔ ኮራ ያልኩ ሰው ነበርኩ። ደንቡን በግቢው ውስጥ እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን የምለው በኋላ ያደረግሁትን ባለማወቅ አደረገው የሚል እንዳይኖር ነው።

እሷ የክለቡ ካፍቴርያ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ፉልና ሳንድዊች ታዘጋጃለች፣ ሻይ ታፈላለች። በመተማ በኩል ሱዳን ከገባች ዐሥራ አምስት ዓመት አልፏት ነበር። በዐሥራ ሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፤ አንቱ ስላት ግን «አታስረጀኝ፣ አንቺ በለኝ» ብላ ከለከለችኝ። የሥራ ሰዓቷ ሲያልቅ ጥላ ስር ቆማ ቀስተኞቹን ታያለች። አንዲት አውሮፓዊት መምህር ለሴቶች በተያዘው ሰዓት ትለማመድ ነበር፤ አንድ ቀን ጠርታ አስሞከረቻት። የመጀመሪያዎቹ ፍላጻዎች አሸዋው ውስጥ ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን አገኘችው። መምህሯ ካርቱምን ለቅቃ ስትሄድ የእንጨት ቀስቷን ለእሷ ሰጥታት ሄደች። ቁመታቸው እኩል ስለነበር ቀስቱ ለእሷ የተሠራ ይመስል ነበር።

ቤቷ ውስጥ ቦታ ስላልነበራት ቀስቱን መኸዘን ውስጥ እኔ ጋ ታስቀምጠው ነበር።

ሥራ ፈትተን ስንቀመጥ ደንቡን በአማርኛ አስረዳት ነበር። ብዙ ትጠይቃለች። «ዓይኔ ላይ ያለው መነጽርስ? እሱም ማነጣጠሪያ ነው ይሉ ይሆን?» አይሉም፣ ያንቺ የማንበቢያ መነጽር ምልክት ከሌለው ችግር የለውም አልኳት። «ጣቴን አውታሩ ላይ ዝቅ አድርጌ ብይዝስ?» በባዶ ቀስት ይፈቀዳል አልኳት። የምለውን ሁሉ ታምናለች። «እሱ ካለ አለ ነው» ትል ነበር ለሌሎቹ ሴቶች።

በዓመት ውስጥ ከሴቶቹ ሁሉ በለጠች። ከእሷ ቀጥሎ የነበረችው አንዲት ሱዳናዊት ፋርማሲስት ናት፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ለራሷም ለሰውም የማትመች ዓይነት ሥርዓተኛ። ኮሎኔሉ በብርዱ ወር፣ በጥር፣ የክለቡን ውድድር አዘጋጁ። በየምድቡ አንደኛ የወጣ ሰው ፖርት ሱዳን ለሚደረግ የወዳጅነት ውድድር እንዲሄድ ተወሰነ። እትዬ ባሕር አይታ አታውቅም። ስለ ውድድሩ ከምታወራው ስለ ባሕሩ የምታወራው ይበዛ ነበር።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ባለ ፑሊ ቀስት ከእጄ አምልጦ ወደቀና ፑሊው ታጠፈ። ኮሎኔሉ አልጮኹም። ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡና «ኢቃማህን በየዓመቱ የሚፈርመው ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት ሰዓድተክ።»

«ሌላ ዕቃ በእጅህ ቢሰበር አልፈርምም። ደግሞ ቀስት አንድ በአንድ ነው የሚወርደው፤ ሁለት ይዘህ አላይህ።»

ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ካርቱም ውስጥ መኖር ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አፈሳ በተነሣ ቁጥር ሰው በግድግዳ እየዘለለ ሲሮጥ አይቻለሁ። አባቴም በዚያን ጊዜ በሕመም አልጋ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም።

ውድድሩ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለጠዋቱ ቀስቶቹን ከመደርደሪያ እያወረድኩ ነበር። ወንበር ላይ ቆሜ ሁለት ሁለት እያደረግሁ ነበር የማወርደው፤ ያሉኝን ሳልረሳው። የእሷ ቀስት ከብብቴ ሾልኮ ወረደና የመደርደሪያውን ብረት መታ። አንስቼ ሳየው እጀታው አልተሰበረም፣ ክንዶቹም ደኅና ናቸው። ከእጀታው በላይ ግን፣ በውስጥ በኩል፣ የጥፍር ያህል የእንጨቱ ልባስ ተነሥቶ ቆሟል። ሙጫ ቀባሁበትና እስኪደርቅ እንዲይዝልኝ ቡናማ ቴፕ በቀጭኑ ቆርጬ ጠቀለልኩበት። ጠዋት ቀደም ብዬ መጥቼ እልጠዋለሁ፣ ለእሷም እነግራታለሁ አልኩ።

ጠዋት አርፍጄ ደረስኩ። አባቴ ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ ነበር። ስደርስ ቀስተኞቹ ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። ለውድድሩ ከሌላ አገር የተጋበዘው ዳኛ ባለ ፑሊዎቹን ሲፈትሽ፣ ኮሎኔሉ ባዶ ቀስቶቹን ለእኔ ሰጡኝ። ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ አንድ በአንድ አሳለፍኩ። የፍላጻዎቹን ውፍረት ለካሁ፤ የባለቤቱ ስም ምልክት እንዳለባቸው አየሁ። የእትዬ ተራ ደረሰ።

ቀስቷ በቀለበቱ በቀላሉ አለፈ። ቴፑ እንዳለ ነው። የቴፑ ጫፍ በእንጨቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል፤ ልክ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ።

ቴፑን ከዚያው ላላቅቀው እችል ነበር። ሙጫው ግን ደርቆ እንደሆነ አላውቅም፤ ልባሱ አብሮ ከተነሣ ጉዳቱ ይታያል። ኮሎኔሉ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆመዋል።

እሷም አይታዋለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «ይሄ ምንድነው? ትናንት አልነበረም» አለችኝ።

«ትንሽ ተልጦ ነው፣ እኔ ነኝ ያጣበቅኩልሽ» አልኳት።

«አይከለከልም? አንተ አይደለህ ምንም አይለጠፍም ያልከኝ?»

«እኔ ፈትሼዋለሁ፣ ችግር የለውም። ሂጂ።»

ፎርሙ ላይ «አልፏል» ብዬ ፈረምኩ። እሷም ሄደች። እሱ ካለ አለ ነው።

ርቀቱ ሠላሳ ሜትር ነበር። እንደዚያን ቀን ወርውራ አታውቅም። ነፋሱ ገና አልተነሣም። በሦስተኛው ዙር ፋርማሲስቷን ብዙ ቀደመቻት፤ በአምስተኛው ዙር ስድስቱም ፍላጻዎቿ የዒላማው መሐል ያለው ቢጫ ክብ ውስጥና ከቢጫው ጥግ ነበሩ። ካፍቴርያ የሚሠሩት ልጆች ጥላው ስር ቆመው ያጨበጭቡላታል። እኔ ነጥብ መዝጋቢ ነበርኩ።

ከስድስተኛው ዙር በኋላ ነጥብ ሊጻፍ ሁሉም ወደ ዒላማው ሲሄድ ፋርማሲስቷ የእትዬን ቀስት ማስቀመጫው ላይ እንዳለ አየችው። አልነካችውም። ወደ ዳኛው ሄዳ ረጋ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው። እሱም መጥቶ ቀስቱን አነሣ፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ ጥፍሩን በቴፑ ጫፍ ላይ አሳለፈ።

«ይህ የማን ቀስት ነው?»

«የእኔ ነው» አለች እትዬ።

«ይህን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ተልጦ ነበር፣ እሱ ነው ያጣበቀው።» በእጇ ወደ እኔ አመለከተች። «ጠዋት ሲፈትሽ አይቶታል። ችግር የለውም ብሎኛል።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። ኮሎኔሉም መጥተው ከጎኑ ቆሙ። የሁለቱንም ፊት ዛሬ ድረስ አስታውሳለሁ። የዳኛው ፊት ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ልክ እንደ እኔ ደንብ የሚወድ ሰው ነበር። ኮሎኔሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል።

«ስትፈትሽ ይህ ነገር ነበር?» አለኝ ዳኛው።

«በፍተሻው ጊዜ አልነበረም» አልኩ።

በዐረብኛ አራት ቃል ነው። አስቤበት አይደለም የወጣው፤ ግን ከወጣ በኋላ ልመልሰው እችል ነበር። ዳኛው ስክሪፕቶውን ከኪሱ እስኪያወጣ ጊዜ ነበረኝ። አልመለስኩትም።

እትዬ ትከራከራለች ብዬ ነበር። አልተከራከረችም። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «አልነበረም?» አለችኝ። የነጥብ ወረቀቱን ለዳኛው አቀበልኩት።

ነጥቧ በሙሉ ተሰረዘ። ከፍተሻ በኋላ ምልክት ለጥፋለች ስለተባለ ኮሎኔሉ ለአንድ ዓመት ከክለቡ ውድድር አገዷት። ፖርት ሱዳን ፋርማሲስቷ ሄደች። እትዬ ያን ቀን የሻይ ብርጭቆዎቹን ሁሉ አጥባ፣ ደርድራ፣ ካፍቴርያውን ቆልፋ ወጣች። ቀስቷን ከእኔ ስትወስድ አላናገረችኝም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሠራች። አባላቱ ሻይ ሲያዙ «እንዳታጭበረብሪን» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ቀልድ ነው፣ ክፋት የለውም ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሥራውን ተወችው።

እኔ ኢቃማዬ ታደሰ።

የዚያን ዓመት የዐቢይ ጾም እንደሌላው ጊዜ አልጾምኩትም። እህል ቢከለክሉኝም ግድ አልነበረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ዝም ብዬ ስቀመጥ ነበር። መኸዘን ውስጥ ያን ቴፕ የቆረጥኩበትን መቀስ ሳነሣ እጄ ይከብደኛል። በቀይ ያሠመርኩበት ደንብ ግድግዳው ላይ ነው፤ በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ለራሴ እሟገታለሁ፦ ቴፑን ባየሁት ጊዜ ብናገርም እኮ ቀስቷን ያስለውጧት ነበር፤ ቴፑ ረድቷትም ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ያለ ወትሮዋ ነው የወረወረችው። ቴፑ ረድቷት እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ግን የጠየቁኝ ያን አልነበረም። የጠየቁኝ ነበር ወይስ አልነበረም ብለው ነው።

ከፋሲካ በፊት ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስትም ምድብም ምኑም አልገባቸውም። እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም አባ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልትሠራ መጣህ? ሂድና መጀመሪያ እሷን አግኛት። ከዚያ ተመለስ።»

ሄድኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልሄድኩም። ፋሲካ አለፈ፤ ሙቀቱ ገባ፤ አቧራው ሰማዩን ሸፈነው፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ሌላ ሁለት ወር አሳለፍኩ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቄሱ ሲያዩኝ ሰላምታዬን ተቀብለው መስቀሉን አሳለሙኝና ምንም ሳይሉኝ ገቡ። በማግሥቱ ሄድኩ።

አል-ሳሃፋ ሠፈር ውስጥ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ጋር ሆና የመጋረጃና የአልጋ ልብስ መስፊያ ሱቅ እንደከፈተች ሰምቼ ነበር። ከሀፍላው፣ ከከተማው አውቶቡስ፣ ወርጄ ሱቁን ሦስት ጊዜ በበሩ አልፌዋለሁ። በአራተኛው እሷ ራሷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል «ወይ ግባ ወይ ሂድ፣ ብርሃን ከለልከኝ» አለችኝ።

ገባሁ። የቀረበልኝ ወንበር ስላልነበረ ቆሜ ነገርኳት። እሷ የምታውቀውን ነገር ለእሷ መልሶ መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር ያኔ ነው የገባኝ። የማታውቀው ስለ ኢቃማው ነበር። ኮሎኔሉ ያሉኝን ነገርኳት፤ አባቴ ታሞ እንደነበር ነገርኳት። ስፌቷን አላቆመችም። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«ይህን ያን ቀን ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን? እኔን ነው የፈራኸው?» ድምጿን አላነሣችም። «ቀርበህ ‹እትዬ፣ ኢቃማዬን ይከለክሉኛል፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት በይልኝ› ብትለኝ እኔ እል ነበር። አባትህን አውቃቸዋለሁ። እል ነበር። አንተ ግን ሳትጠይቀኝ ወሰድከው።»

የምትሰፋውን መጋረጃ አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው።

«ሌባ ብለውኛል» አለች። «ዐሥራ አምስት ዓመት በሰው ቤት፣ በሰው ኩሽና ሠርቻለሁ፣ አንድ ማንኪያ ጠፋ ተብሎ በእኔ ተመካኝቶ አያውቅም። አሁን ይቅር አልኩህ እንድልህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

«ዛሬ አልልህም። ማዓሌሽ፣ አይክፋህ። መጀመሪያ እዚያ የተናገርከውን እዚያው ሄደህ መልሰው። ከዚያ በኋላ የምለውን እኔም አላውቅም።»

በዚያው ሳምንት ለኮሎኔሉ በዐረብኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ነው። ስድስት ጊዜ ጻፍኩት፤ በየጊዜው ስለ አባቴ ሕመም የጨመርኩትን አወጣሁት። ኮሎኔሉ ቢሯቸው አስጠርተውኝ ከፊቴ አነበቡት። መልሰው አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔን ፈርተህ ነው?» አሉ።

«አዎ ሰዓድተክ።»

«ያን ያልኩህ ዕቃ እንድትጠነቀቅ ብዬ ነው። ላደርገው አልነበረም።» ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን አልጠበቅሁትም ነበር። «ዓርብ አባላቱ ሲሰበሰቡ ይህን ቆመህ ታነባለህ። ከዚያ ፍተሻ አትነካም። መኸዘኑን ቀጥል።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ቀዝቀዝ ስትል፣ ጥላው ስር ሠላሳ በሚሆኑ ሰዎች ፊት አነበብኩት። አንዳንዱ ነገሩን ረስቶት ነበር፤ ጎረቤቱን «የትኛዋ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። በቀልድ ሲያስቸግሯት ከነበሩት አንዱ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና ጨዋታውን ቀጠለ። ፋርማሲስቷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ሳልጨርስ ተነሥታ ወጣች።

ኮሎኔሉ እገዳውን አነሡ። ነጥቡን ግን መመለስ አልቻሉም። ማንም ይለጥፈው ማን፣ ቴፑ ቀስቱ ላይ ነበር፤ ቀስተኛ ለያዘው ቀስት ኃላፊው ራሱ ነው ይላል ደንቡ። ይህንን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ገጹን ጠይቀውኝ እኔው አውጥቼ ሰጠኋቸው። እውነቱን ተናግሬ እንኳ የወሰድኩባትን መመለስ እንደማልችል ያኔ ተረዳሁ። ስሟን መለስኩ፤ እሱም ከሰሙት ሠላሳ ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው። ከሥራው ከወጣች በኋላ ወሬው የደረሰበትን ሁሉ ማን ያውቃል።

የፈራሁት ነገር አንዱም ሳይደርስብኝ ቀረ። ኢቃማዬ በቀጣዩም ዓመት ተፈረመ። አንዳንድ ጊዜ ቢከለክሉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር እላለሁ፤ ግን ይህንንም የምለው ስላልተከለከልኩ ነው።

የደብዳቤውን ቅጂ ሱቋ ድረስ ወስጄ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ዐረብኛ ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ በጣቷ እየተከተለች። «ደኅና ጽፈሃል» አለችኝ። ከዚያ ደንበኛ ገባና ወደ ጨርቁ ዞረች። ወደ ክለቡ አልተመለሰችም።

ከወራት በኋላ ፋርማሲስቷ ጥገና የሚፈልጉ ስምንት ፍላጻዎች ይዛ መኸዘን መጣች። ላባቸው ተገንጥሏል፤ ለራሷ እንዳልሆኑ ወዲያው ዐወቅሁ። ርዝመታቸው የእትዬ ነው። ዓይኔን ሳታይ «ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ» አለችኝ። «እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ግን ውስጤ ሲናገር የነበረው ሌላ ነበር። ልትበልጠኝ መሆኗ አንገብግቦኝ ነበር።» ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሠፈር፣ በፋርማሲስቷ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከኋላው አጥር ሥር ዒላማ አቁመው ሁለቱ አብረው ይወረውራሉ። ዳኛም የለም፣ ምድብም የለም። «አንተ ላባ ማጣበቅ ትችላለህ ብላ ነው የላከችኝ» አለች።

ሦስት ቀን ሠራሁባቸው። የድሮውን ላባ ልጬ፣ ግንዱን አጽድቼ፣ አዲስ አጣበቅሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሪክሻ፣ ባጃጅ በምንለው፣ ይዤ ሄድኩ። በሩን አንኳኩቼ ስቆም ከውስጥ ፍላጻ የገለባ ዒላማው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የሁለቱ ወሬ በዐረብኛ። የእሷን ሳቅ ከዚያ ውድድር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

በሩን የከፈተችው እትዬ ናት። መነጽሯን አድርጋለች፣ ጣቶቿ ላይ የቆዳ መከላከያ አለ። ፍላጻዎቹን ተቀብላ አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየቻቸው።

«ደኅና ተጣብቀዋል» አለች።

«ሙጫው እስኪጠና እስከ ነገ ባትወረውሪባቸው ጥሩ ነው።»

«እሺ።» ፍላጻዎቹን በአንድ እጇ ሰብስባ ያዘችና «አባትህ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ደኅና ነው። ትንሽ ትንሽ እየወጣ ይሄዳል።»

«ሰላም በልልኝ። ውሃ ትጠጣለህ?»

እጠጣለሁ አልኳት። ገብታ በብርጭቆ አመጣችልኝ። በሩ ላይ ቆሜ ጠጣሁ፤ እሷም ብርጭቆውን ለመቀበል ቆማ ጠበቀችኝ። ግባ አላለችኝም፤ እኔም ትለኛለች ብዬ አልጠበቅሁም። ሪክሻው መንገድ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነበር።